አንገት ደፊዋ ጽጌረዳ

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ጽጌረዳ መጣል ነበር።

የሥራ መደቡ ስም እርግጥ እንዲህ አይልም፤ «ጥራት ተቆጣጣሪ» ነው የሚለው። ቦታው ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው ካሉት የአበባ እርሻዎች አንዱ ነው፤ ስሙ ይቅር። ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ እቆማለሁ። ከግሪን ሃውስ የተቆረጠው አበባ በባልዲ ይመጣል። ሴቶቹ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በርዝመት ይለዩታል፤ 40 ሳንቲ ሜትሩን ከ40፣ 50ውን ከ50፣ 60ውን ከ60 ጋር። ሃያ ሃያውን አንድ እስር ያደርጉና በካርቶን ይጠቀልሉታል። እኔ እስሩን አነሳለሁ፣ አዙሬ አያለሁ፣ የማያልፈውን መዝዤ ወደ ጎን እጥላለሁ። ማታ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ይደርሳል፤ በማግስቱ አውሮፓ ነው።

ለመጣል ምክንያት አይጠፋም። ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ፣ የተላጠ እምቡጥ፣ የተሰበረ ጫፍ። ከሁሉ በላይ ግን አንገት። አበባው ግንዱ ላይ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ትንሽ ካዘነበለ ርዝመቱም ቀለሙም አያድነውም። አለቃችን በመጀመሪያው ቀን «መጀመሪያ አንገቱን እዩ፣ ሌላውን ኋላ ትደርሱበታላችሁ» አለችን። እኔም አየሁ። በቀን ስንት አንገት እንደጣልኩ ቆጥሬ አላውቅም።

ይሄን የማወራበት ምክንያት አለኝ። ያደግሁት ደብረ ማርቆስ፣ አያቴ ቤት ነው። ግቢው ውስጥ፣ ማድ ቤቱ ጥግ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ አንድ የጽጌረዳ ተክል አለ። አበባው ክሬም ነው፤ መሃሉ ላይ የሕፃን ጉንጭ የመሰለ ሮዝ ጣል ያደርግበታል። ሲያብብ ደግሞ አንገቱን ይደፋል። አንድም ቀን ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም። ጤዛ ያደረበት ጠዋትማ መሬት መሬት ነው የሚያየው። አያቴ «አንገት ደፊዋ» ትላታለች። (በአያቴ አፍ አበባዋ ሁልጊዜ ሴት ናት፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንደዚያው እላለሁ።) ጎረቤቶች ያው «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» እያሉ ይተርቧታል። አያቴ መልስ አላት፤ «አንገቷን የደፋችው ሽታዋ ከብዷት ነው።»

እርሻው ከገባሁ በኋላ በመጀመሪያው ፋሲካ ማርቆስ ሄድኩ። የግቢውን በር ከፍቼ ስገባ፣ አያቴን ገና ሳልስማት፣ ዐይኔ ማድ ቤቱ ጥግ አረፈ። በልቤ ያልኩት አንድ ነገር ነበር፦ አታልፍም። ከዚያ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝና የደነገጥኩት። ስድስት ወር በማይሞላ ሥራ፣ ሃያ ዓመት ያየኋትን አበባ በሌላ ሰው ዐይን ማየት ጀምሬያለሁ።

ይህች አበባ ማን ናት ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

*

ዘሯን ማግኘት ያን ያህል አልከበደም። የሚደፋ አንገት፣ ስስ የአበባ ገላ፣ ሲያቆጠቁጥ ቀላ ብሎ የሚወጣ ለጋ ቅጠል፣ በዓመት ደጋግሞ ማበብ፣ እና ያ ሽታ። እነዚህ አንድ ላይ ሲገኙ ፈረንጆቹ «ቲ ሮዝ» የሚሉት ወገን ነው፤ የሻይ ጽጌረዳ። ስሙ ያሳስታል። አይጠጣም። ስሙን ያገኘው ሽታው የሻይ ቅጠል ስለሚመስል ነው።

እዚህ ላይ ያበሻ አፍንጫ ይቸገራል። እኛ ሻይ ስንል ቅርንፉድና ቀረፋ ነው የሚሸተን። ስለዚህ አንድ የውሽውሽ ሻይ ፓኬት ገዝቼ፣ ቀድጄ፣ ውኃም ስኳርም ሳይነካው አፍንጫዬን አስገባሁ። እውነታቸውን ነው። ደረቅ፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ ትንሽ ሣር ሣር የሚል ነገር አለ፤ ከዝናብ በኋላ አያቴ ማድ ቤት ጥግ ያለው ያ ሽታ ነው። ኬሚስቶቹ 3,5-ዳይሜቶክሲቶሉዊን ለሚባል ውሕድ ነው የሚሰጡት። ውሕዱ ከቻይና ጽጌረዳዎች የመጣ ነው፤ የጥንቶቹ የአውሮፓ ጽጌረዳዎች የላቸውም።

የትውልድ ታሪኳ ስለዚህ ከቻይና ይጀምራል። ከወላጆቿ አንዷ ሮዛ ጂጋንቲያ የምትባል፣ በዩናን፣ በምያንማርና በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ተራሮች ዛፍ ላይ የምትንጠላጠል የዱር ጽጌረዳ ናት። ሌላዋ ቻይናውያን በግቢያቸው ከጥንት ጀምሮ ያረቧት፣ ወር በገባ ቁጥር የምታብበዋ ሮዛ ቺነንሲስ ናት። የሁለቱን ድቅል የፈጠሩት ስማቸው ያልተጻፈ የቻይና አትክልተኞች ናቸው። እንግሊዝ የገባችው በ1809 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰር አብርሃም ሂዩም የሚባል ሰው አስመጣትና ስሙን ወሰደች። በ1824 ደግሞ ጆን ፓርክስ ቢጫዋን ለለንደኑ የአትክልት ማኅበር ከቻይና ይዞ መጣ። አውሮፓውያኑ ያበዱት በሽታዋ ብቻ አይደለም። የእነሱ ጽጌረዳዎች በአብዛኛው በዓመት አንድ ጊዜ አብበው የሚያበቁ ነበሩ፤ ይህች ግን አትጠግብም።

ችግሩ ብርድ ነው። የሻይ ጽጌረዳ ውርጭ አትችልም። በእንግሊዝ ክረምት ግንዷ ጠቁሮ ይሞታል፤ ስለዚህ ሀብታሞቹ የመስታወት ቤት ሠርተው፣ እሳት አንድደው አሳደጓት። እኛ ጋ ግን እንዲህ ነው፦ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ደጋውና ወይና ደጋው የሚጨባበጡባት። ውርጩ ጮቄ ላይ ይቀራል፤ ከተማው ድረስ ወርዶ የጽጌረዳ ግንድ አይገድልም። ሐሩርም የለም። የዩናን ደጋ ልጅ ማርቆስ ስትመጣ ሰፈር ቀየረች እንጂ አገር አልቀየረችም።

ይሄን ለአያቴ ስነግራት ደስ አላላትም። እጇ ቡሩክ ነው እየተባለች ነው የኖረችው፤ እኔ መጥቼ የአየሩ ፀባይ ነው ስላት ምን ትበል። እውነቱን ለመናገር አየሩ ብቻ አይደለም። የቡና አተላ አይደፋም፣ ለእሷ ነው። አመድ ለእሷ ነው። ያደረ እበት ለእሷ ነው። መቁረጥ ላይ ደግሞ ሕግ አላት፦ «አትቆረጥም፣ ትለቀማለች»፤ የሞተውን እንጨት ብቻ አውጥቶ ሕያዉን አለመንካት ማለቷ ነው። የሻይ ጽጌረዳ ጥልቅ ቁርጥ እንደማትወድ በኋላ ሳነብ፣ አያቴ ማንም ሳይነግራት ደርሳበት እንደነበር ገባኝ። ክረምት ላይ ግን ማንም አይረዳትም። ማርቆስ ላይ በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በሐምሌና በነሐሴ እምቡጧ ሳይፈታ ውኃ ጠጥቶ ይበሰብሳል፤ የታሸገ ደብዳቤ መስሎ ይረግፋል። አያቴ ያን ጊዜ አታያትም። «ሱባዔ ላይ ናት» ነው የምትለው።

*

እዚህ ላይ አንዱ «ጽጌረዳማ የራሳችን አበባ አይደለችም እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። የራሳችንማ አለች፤ ቀጋ ናት።

ጎጃም ያደገ ሰው ቀጋን በእሾህዋ ነው የሚያውቃት። አጥር ናት። ከብት ታግዳለች፣ ሱሪ ትቀድዳለች። ነጭ፣ አምስት ቅጠል ያላት አበባ ታወጣና ቀይ ፍሬ ታፈራለች። ልጆች ሆነን ፍሬዋን ለሁለት ሰንጥቀን ውስጧን በጥፍር እየጠረግን እንበላት ነበር፤ ዘሯን የከበበውን ጸጉር ሳይጠርግ የዋጠ ልጅ ጉሮሮውን እያከከ ያድራል። በሳይንሱ ስም ሮዛ አቢሲኒካ ናት፤ ጆን ሊንድሊ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1820 እ.ኤ.አ. በጽጌረዳ መጽሐፉ ውስጥ አሰፈራት። ከባሕር ማዶ በየመንና በሳዑዲ ተራሮች ዘመዶች አሏት። በአፍሪካ ከሰሐራ በታች በገዛ ራሷ የምትበቅል ብቸኛዋ የዱር ጽጌረዳ እሷው ናት። ይሄን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ሱሪዬን የቀደደችው ተክል የአህጉሩ አንድዬ እንደሆነች ማንም አልነገረኝም።

ቃሉ ራሱ ሌላ ጉዞ አለው። ጽጌ ግዕዝ ነው፣ አበባ ማለት። ረዳ የሚለውን ሊቃውንቱ ከግሪኩ «ሮዶን» ጋር ያዛምዱታል። ማለትም ጽጌረዳ ስንል ግማሹን በአክሱም አፍ፣ ግማሹን በግሪክ አፍ እያልን ነው። ቃሉ ከመጻሕፍት ጋር ገብቶ ማኅሌት ላይ አደረ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው አርባ ቀን ወርኃ ጽጌ ነው፤ ካህናቱ ሌሊቱን ቆመው ማኅሌተ ጽጌ ያደርሳሉ። ዋሸራና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ደግሞ አበባ ዝም ብሎ አበባ አይሆንም። ሰሙ አበባ ከሆነ ወርቁ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ልጅ እያለሁ ለረጅም ጊዜ ጽጌረዳ የሚባለው የእመቤታችን ስም እንጂ ማድ ቤታችን ጥግ ያለው ተክል አይመስለኝም ነበር። የኛዋ ስሟ አንገት ደፊዋ ነበር።

መጻሕፍቱ ውስጥ ያለችው ጽጌረዳ በሥጋም ነበረች። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጻፈው የአቢሲኒያ ዕፅዋት መጽሐፍ፣ በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ስለምትገኝ ፈዛዛ ሮዝ አበባ ያላት ጽጌረዳ ጽፎ ሮዛ ሳንክታ አላት፤ ቅድስት ጽጌረዳ። ድቅል ናት፤ አንዷ ወላጇ የአውሮፓና የምዕራብ እስያዋ ሮዛ ጋሊካ ስትሆን በሌላው ወላጅ ይከራከራሉ፤ ቀጋችንም እጩ ሆና ቀርባለች። ከዚያ በ1888 እ.ኤ.አ. ፍሊንደርስ ፔትሪ ግብፅ ውስጥ ሐዋራ በሚባል ቦታ የግሪክና የሮማ ዘመን መቃብሮችን ሲቆፍር የደረቀ የጽጌረዳ አበባ ጉንጉን አገኘ። የቤልጂጉ የጽጌረዳ ሊቅ ፍራንሷ ክሬፓን አይቶ ይህች የአቢሲኒያዋ ቅድስት ጽጌረዳ ናት አለ። ዛሬም በውጭ አገር የአትክልት መደብሮች «የአቢሲኒያ ቅድስት ጽጌረዳ» እየተባለች ትሸጣለች።

(በዚያው ዓመት ጥር ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ በድርቡሽ ተሸነፉ፤ ከዚያ ጎጃም በአፄ ዮሐንስ ጦር ተመዘበረ፤ ከዚያ የከብት እልቂትና ክፉ ቀን መጣ። ግቢ ውስጥ ኮትኳች የሚፈልግ አበባ በዚያ ዘመን ስንት ቤት ተረፈ? ቀጋ ግን አጥሯ ላይ ነበረች።)

የአጥሯንም የቤተ ክርስቲያኗንም ጽጌረዳ ታሪክ የሚጽፍ ተገኝቷል። የማድ ቤቷን የጻፈ የለም።

*

ዓመተ ምሕረት መደርደር ስለምወድ አንዴ ታገሡኝ። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ መንቆረርን የቆረቆሩት በ1853 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ዲዦን ከተማ፣ ዣኮቶ የሚባል አትክልተኛ «ግሏር ደ ዲዦን» የምትባለውን፣ ግድግዳ ላይ የምትወጣ የሻይ ጽጌረዳ ለገበያ አወጣ። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከመሞታቸው አንድ ዓመት በፊት፣ በ1867፣ የሊዮኑ ጊዮ «ላ ፍራንስ»ን አወጣ። ይህቺኛዋ አዲስ ዘር ናት፤ የሻይ ጽጌረዳ ከጠንካራ የአውሮፓ ዘር ጋር የተዳቀለችባት፣ ብርድ የምትችል፣ ግንዷ የጠነከረ። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነግሠው፣ መንቆረርም ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ስትባል፣ አውሮፓ ውስጥ የአንገት ነገር መወሰን ጀምሮ ነበር። ቀስ በቀስ ቀጥ ብላ የምትቆመው አሸነፈች። እኔ እርሻው ውስጥ ስጠቀልላት የነበረችው የላ ፍራንስ የልጅ ልጅ ልጅ ናት።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። የሻይ ጽጌረዳም በጊዜዋ የንግድ አበባ ነበረች። በ1839 የወጣችው «ሳፍራኖ» በደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ በብዛት እየተተከለች፣ በክረምት እምቡጧ በባቡር ወደ ሰሜን ይላክ ነበር። አንገቷን እንደደፋች። ገዢው ያን ጊዜ አልተቆጣም።

እሺ፣ የኛዋ ማርቆስ እንዴት ደረሰች? ሰፈር ውስጥ ሦስት መልስ አለ። አያቴ «ራስ ኃይሉ ከፈረንጅ አገር ያመጧት ናት» ትላለች። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስንና ለንደንን አይተው መጥተዋል፤ ያየሁትን ሁሉ ይኑረኝ የሚሉ መስፍን እንደነበሩም የታወቀ ነው። ከጎናችን ያሉት እትዬ ደግሞ «የጣሊያን ናት» ይላሉ። ጣሊያን ከተማዋን ይዞ፣ ምሽግ ሠርቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ከመግባታቸው በፊት ለቆ ወጥቷል። ሦስተኛው ወገን «ድሮም ነበረች» ባዩ ነው። ማርቆስ ውስጥ ባለቤቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ወይ የራስ ኃይሉ ነው ወይ የጣሊያን፤ የድሮ ድልድይም፣ የድሮ ብርጭቆም፣ የድሮ አበባም።

እኔ ግን የያዝኩት ሌላ ክር ነው። አያቴን «ራስ ኃይሉን ተያቸው፣ ለአንቺ ማን ሰጠሽ?» አልኳት።

«ለእኔማ ጎረቤቴ ናት የሰጠችኝ። ጎጆ ስወጣ። በዘይት ጣሳ ተክላ።»

«ለእሷስ?»

«አማቷ። አማቷ ግቢ ሙሉ ነበራት አሉ።»

«ለአማቷስ?»

«ኧረ ልጀ፣ እኔ እግዜር ነኝ?»

ሦስት ሴቶች፣ አንድ ጣሳ። የቅርንጫፍ ታሪክ ወደ ኋላ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ማኅተም የለበትም፣ ሹመት የለበትም፤ በሐምሌ ዝናብ መሃል አንዷ የእርሳስ ውፍረት ያለው እንጨት ቆርጣ ለሌላዋ ትሰጣለች፣ ሌላዋ ጥላ ሥር ትሰካዋለች፣ ወይ ይይዛል ወይ አይይዝም። ደግሞ ልብ በሉ፤ ከዘር የበቀለ ልጅ ነው፣ ከቅርንጫፍ የበቀለ ግን ራሱ ነው። በሌላ ቦታ የቀጠለው ያው አካል ነው። ማድ ቤታችን ጥግ የቆመችው የዚያች የመጀመሪያዋ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አይደለችም። ራሷ ናት። ከእጅ ወደ እጅ እየተቆረጠች እዚህ እስክትደርስ አንድ ጊዜም አልሞተችም።

ቤርሙዳ በምትባለው የአትላንቲክ ደሴት ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። ውርጭ የለም፣ በየግቢው ስማቸው የጠፋ የሻይ ጽጌረዳዎች ሞልተዋል። በ1954 እ.ኤ.አ. የጽጌረዳ ማኅበር አቋቋሙና እነዚህን «ምሥጢር ጽጌረዳ» ብለው መዘገቧቸው፤ ዋናው ስም እስኪገኝ የተገኘችበትን ሰፈር ወይም የባለቤቷን ስም እየሰጡ። እኔ ብጠየቅ የኛዋን ማን እንደምላት አውቃለሁ። ከጎረቤታችን አማች ስም ልሰጣት እወድ ነበር፤ ስማቸውን ግን ከአያቴ በቀር የሚያስታውስ የለም፣ አያቴም እዚህ እንዳወጣው አልፈቀደችም።

*

ኢትዮጵያ ዛሬ ከኬንያ ቀጥሎ የአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት። የዚህ ታሪክ በደንብ ተጽፏል። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ጥቂት አበባ ይልኩ ነበር፤ የጽጌረዳው ነገር የተጀመረው ግን በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ መሬት፣ ብድርና የግብር እፎይታ ተሰጠ፤ ሆለታ፣ ሰበታ፣ ዝዋይ፣ ደብረ ዘይት፣ ባሕር ዳር ዙሪያም ሳይቀር ፕላስቲክ ለበሰ። አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው። አብረውኝ ይሠሩ ከነበሩት ሴቶች አንዷ በዚያ ደሞዝ ሁለት ወንድሞቿን አስተምራለች። እኔም የመጀመሪያ ላፕቶፔን የገዛሁት አንገት ጥዬ ነው። ስለዚህ እርሻውን ልረግም አልመጣሁም።

አንድ ነገር ግን አለ። አዳራሹ ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ጽጌረዳ ተከምሮ የሚሸተው ካርቶን ነበር። መጀመሪያ ብርዱ አፍንጫዬን ዘግቶት መሰለኝ። በኋላ ነው የተረዳሁት፤ ለብዙ ቀን ብርጭቆ ውስጥ የምትቆይ፣ በአውሮፕላን የማትሰበር፣ ቀጥ ያለች አበባ ሲመርጡ ሲመርጡ ሽታዋ መንገድ ላይ ቀርቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» ላይ ባወጡት ጥናት የምትሸት ጽጌረዳን ከማትሸት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ሽታውን ከሚሠሩት መንገዶች አንዱን የያዘ ኢንዛይም አገኙ፤ በማትሸተዋ ውስጥ ሥራውን አቁሟል። ማለት፣ ማንም ሆን ብሎ አላጠፋውም። ማንም ስላልጠየቀው ነው ዝም ያለው።

ማርቆስ ላይ ደግሞ ሠርግ ሲኖር መኪናው የሚያጌጠው በፕላስቲክ አበባ ነው። የጽጌረዳ አገር ነን።

*

ባለፈው ዓመት ሁለቱ አጎቶቼ ግቢውን ተካፈሉ። የታላቁ ድርሻ በማድ ቤቱ በኩል ነው፤ ቤት ሊሠራ መሠረት ያወጣል፣ መሠረቱ በጽጌረዳዋ ሥር ያልፋል። ስልክ ስደውል ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር። አያቴ ቀደመችኝ። «እኔ ነኝ እሺ ያልኩት» አለች። «ለልጅ ቤት ይሻላል። አንተ ግን በሐምሌ ና።»

መንገዱ ክፍት በሆነበት ሰሞን ሄድኩ። አሥራ ሁለት ቅርንጫፍ ቆረጥን፤ ማለት እሷ እያሳየች እኔ ቆረጥኩ። አበባ ጨርሶ የረገፈለትን፣ ያልለጋውን፣ ያልደረቀውን። «ይሄኛው አይሆንም፣ ይሄ ገና ሕፃን ነው» እያለች እጄን ትመታኛለች። ያልተቆረጠ አንገት መምረጥ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ምንም አላውቅም። ስድስቱን ለጎረቤት አደለች። እትዬ «የጣሊያን» እያሉ ሁለት ወሰዱ።

የቀሩትን ስድስት በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በፌስታል አድርጌ፣ ጭኔ ላይ ይዤ ተሳፈርኩ። ደጀን ላይ ቀዝቃዛ ነበር። ወደ ዓባይ መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ ከታች እየወጣ መስኮቱን መታው፤ ፌስታሉን ከፍቼ ውኃ ረጨሁ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሕፃን የያዝኩ መስሏት አየችኝ። አንድ ፍተሻ ላይ ወታደሩ «ምንድን ነው?» አለ።

«አበባ።»

ገልጦ አየ። «እንጨት ነው እኮ ይሄ።»

«ገና ነው።»

ትንሽ አሰበና ዘግቶ መለሰልኝ።

አዲስ አበባ ያለሁበት ቤት በረንዳ ላይ በዘይት ጣሳ ተከልኳቸው። ጣሳውን የቀዳሁት ከአያቴ ነው፤ ፕላስቲክ ሳይሆን ጣሳ ያልኩበት ሌላ ምክንያት የለኝም። አራቱ በሳምንታት ውስጥ ደረቁ። አምስተኛዋ ቅጠል አውጥታ፣ ተስፋ ሰጥታ፣ ሞተች። ስድስተኛዋ ያዘች። ማርቆስ ግቢያችን ውስጥ መሠረቱ ጥቅምት ላይ ተቆፈረ፤ ሥሯ አጎቴ ከጠበቀው በላይ ጥልቅ ሆኖ ሠራተኞቹን ግማሽ ቀን እንደፈጀ ነገረኝ፤ እያዘነ ይሁን እየተናደደ ከድምፁ አልለየሁም።

ባለፈው ሰኞ በረንዳው ላይ እምቡጥ አየሁ። ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ ጫፏ ላይ ሮዝ ያላት። ወዲያው ደወልኩ።

«ይዛለች?» አለች አያቴ።

«አንድ።»

«ቁረጣት።»

«እማማ፣ የመጀመሪያዋ ናት እኮ!»

«ለዚያ ነዋ። ሥሯ ገና ነው፤ አሁን ካበበች ጉልበቷን ትጨርሳለች። የዘንድሮውን ቁረጥ፣ ለከርሞ ትሰጥሃለች።» ከዚያ ስለ ጤና፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ አጎቴ ቤት ጣሪያ አወራችልኝ።

እርሻው ውስጥ በቀን ስንቱን ስጥል እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ሰኞ አልቻልኩም። ማክሰኞ መቀስ ይዤ ወጥቼ ተመለስኩ።

ረቡዕ ጠዋት ቆረጥኳት።